«ጫማዬ!» ያለችው ሴት

ወስፌው የሚጠላውን ነገር ቁጠር ቢሉት የሁለት እጁ ጣት አይበቃውም፤ ሲጀምር ግን ሁልጊዜ ከአንድ የሙዚቃ ባንድ ነው የሚጀምረው። ሥራው ጫማ መስፋት ነው። ወስፌው ያሉት ግን ከእጁ ስለማትለየው ወስፌ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ስለምትወጋ ነው። ሱቁ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት፣ ማስቲሽና የቆዳ ፍቅፋቂ የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት። ታዲያ እዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ የዚያው የጠላው ባንድ ፎቶ እስከ ዛሬ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ዳማ ከረባት ያሰሩ ስምንት ወጣቶች፣ መሐላቸው ትንሽዬ ባርኔጣ ያደረገ ዘፋኝ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እንዲህ ካንገፈገፉህ ለምን አትቀደውም?» ሲለው፣ «ከኋላው ግድግዳው ተሰንጥቋል» ይላል። ግድግዳውስ እውነትም ተሰንጥቋል።

ሰው የማያውቀውን አይጠላም። ወስፌው እነዚህን ሰዎች ያወቀው በሃያ አራት ዓመቱ፣ ገና የጺሙን ፀጉር አንድ ሁለት እያለ ሲቆጥር ነበር። የሚጫወቱት ስካ ነው። ስካ፣ ላላወቀው፣ ጊታሩ እግር መሬት ሲረግጥ ሳይሆን እግር ሲነሳ የሚመታበት ሙዚቃ ነው፤ ቁም ነገረኛ የሚባል ሰው እንኳ ሳያስበው ጉልበቱ ይከዳዋል። ያኔ ወስፌው ምስማር የሚመታው በዚያ ምት ነበር። ታኮ ላስመታ ብሎ የመጣ ደንበኛ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲወዛወዝ ይገኛል። ባንዱ የትም ይጫወት የት፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል ይሄዳል፤ ቦርሳው ውስጥ ቴፕ ደብቆ ይቀዳል። የስምንቱንም ጫማ በነፃ ይጠግንላቸው ነበር። ባርኔጣው፣ ማለትም ዘፋኙ፣ መድረክ ላይ ካስነጠሰ እንኳ ማስነጠሱ ወስፌው ቤት ካሴት ላይ ይገኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በሠራተኞች አዳራሽ ሲጫወቱ ነው ነገሩ የመጣው። ከዘፈኖቻቸው አንዱ መሐሉ ላይ ድንገት ቀጥ ይላል፤ አራት እስኪቆጠር ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ፣ ትንፋሽ የለ፣ ከዚያ ትሮምቦኑ ይገባል። ያን ቀን በዚያ ዝምታ መሐል አንዲት ልጅ፣ «ጫማዬ!» ብላ ጮኸች። ሰው ረግጧት፣ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ በሰው እግር ሥር እየተንከባለለ ሄዶባት ነው እንጂ ለዘፈን አስባ አይደለም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ትሮምቦን ነፊው ሳቁ አላስነፋው ብሎ ሁለት ምት ዘለለ። በሳምንቱ በሌላ አዳራሽ፣ ያው ቦታ ሲደርሱ ሕዝቡ ራሱ «ጫማዬ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለዚያ ጩኸት ዘፈኑ ተዘፍኖ አያውቅም፤ ባንዱንም ያስጠራው ያ ዘፈን ነው።

ጫማውን ከአግዳሚ ወንበር ሥር ያገኘው ወስፌው ነው። ታኮው ተገንጥሏል። «ለነገ አደርስልሻለሁ» አላትና ስድስት ቀን አመላለሳት። ታኮው የተመታው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ያላለቀው ወሬያቸው ነው። በዓመቱ ተጋቡ።

ባለቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ማሽኑ ሲነሳ ሰው የገዛ ሐሳቡን አይሰማም። ሴቶቹ ግን ወሬ አያመልጣቸውም፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በከንፈር ብቻ ሲያወጉ ይውላሉ። አለቃቸውን የሚያሙት አለቃቸው መሐላቸው ቆሞ ነው። ወስፌው ይህን ባወራችለት ጊዜ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያም ረሳው። ባል የሚረሳው ነገር መቼም ብዙ ነው።

የባንዱ ፍቅር ባንዴ አልተበላሸም። መጀመሪያ ትሮምቦን ነፊውን አባረሩት፤ «አርጅቷል» ብለው፣ ባርኔጣው ራሱ በሁለት ዓመት እየበለጠው። ቀጥለው ትራምፔቱንም ሳክስፎኑንም በአንድ ኪቦርድ ተኩት። ምቱ እየዘገመ እየዘገመ ሄዶ፣ ወስፌው በዚያ ምት ምስማር ቢመታ አንድ ጥንድ ጫማ ሳምንት በፈጀበት። አንድ ቀን ባርኔጣው ራሱ በሱቁ ደጃፍ አለፈ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የራሱን ፎቶ አይቶ ፈገግ አለና፣ ጫማውን ስንት ጊዜ በነፃ የሰፋለትን ሰውዬ ሰላም ሳይል ሄደ። ወስፌው አዲስ ካሴት ሲያወጡ ግን መግዛቱን አልተወም። ገዝቶ፣ ሁለቴ አዳምጦ፣ «ሲያልቅ አያምር» ብሎ ስድቡን ፀጉር አስተካካዩ ላይ ይለቅበታል።

«ካልወደድከው ለምን ትገዛዋለህ?»

«የምሰድበውን ሳላውቅ ልሳደብ እንዴ?»

ደሙን ያፈላው ግን ያለፈው ዓመት የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ነው። ባርኔጣው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጫማዬ የሚለው የልጅነት ሕመሜ ነው» አለ። «ትምህርት ቤት በባዶ እግሬ ነበር የምሄደው። ያንን ለቅሶ ነው ዘፈን ውስጥ ያስገባሁት።» ጋዜጠኛዋ ልታለቅስ ደረሰች። የባርኔጣው አባት እኮ የጫማ መደብር ነበረው፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። በወሩ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ጩኸቱን ማስታወቂያ አደረገው። ሲቀደድ የማይሰፋ፣ የሚጣል ጫማ። ይኸው ቀኑን ሙሉ ከፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ፣ አንዲት የማትታወቅ ልጅ በሚስቱ ጩኸት የሱን ደንበኛ ትጠራለች።

ሚስቱ አልተናደደችም። «ይብሉበት፤ ጫማዬን እንደሆነ አግኝቼዋለሁ» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ ጆሮዋ ደህና ቢሆን ኖሮ። ሐኪሙ መረመራትና፣ «ግራው አልቋል። ቀኙ ዓመት ቢቆይ ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ነው የበላው» አለ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ያ ሰውዬ ከመድረክ ላይ ጩኸቱ የሷ ነው ሲል አንድ ቀን እንኳ ብሰማ አይከፋኝም ነበር። ልጆቻችን እንኳ ተረት ይመስላቸዋል» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትዳር ከያዙ ጀምሮ ይህን አድርግልኝ ብላው አታውቅም።

ባንዱ ሠላሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ነበር። የድሮ ካሴቶቻቸውን እርጥበት በልቶባቸው፣ ቅጂ ያለው ሰው እንዲያመጣ በሬዲዮ ይለምናሉ። ወስፌው የሠራተኞች አዳራሹን ካሴት በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቢሯቸው ሄደ። ሲሄድ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ለሚስቱ ብሎ ዋጠው።

ባርኔጣው እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ አዳመጠ። ጩኸቷ ሲመጣ ከት ብሎ ሳቀ። «እሷ ናት እኮ፤ ያን ቀን እንዴት እንደሳቅን። ለመሆኑ ደርሰህባት ታውቃለህ?»

«አግብቻታለሁ።»

«እንግዲያውስ ቤተሰብ ነን በለኛ።»

«ቤተሰብ አይደለንም» አለ ወስፌው። «ካሴቱን ውሰድ፤ ዋጋ አልፈልግም። በበዓሉ ቀን፣ ዘፈኑን ከመጀመርህ በፊት፣ ጩኸቱ የሷ መሆኑን ተናገር። ሁለት ቃል ነው። ጆሮዋ እየሄደ ነው፤ ሳይሄድ ትስማው።»

«ሁለት አይደለም አሥር እላለሁ፣ ወንድሜ። እናቴ ትሙት።»

እናትየው ከሞቱ አሥር ዓመት እንዳለፋቸው ወስፌው የሰማው በኋላ ነው።

ለሚስቱ ስለ ውሉ አልነገራትም፤ ከሰውየው አፍ ስትሰማው ይሻላል ብሎ «ጋብዘውናል» ብቻ አላት። ለፀጉር አስተካካዩ ግን ነገረው። «ካሴቱን አስቀድመህ ሰጠኸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ። «አንተ ሰው፣ ከኔ ሂሳብ ሳትቀበል ያንድ እግር ጫማ አትሰጥም እኮ።»

በዓሉ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሚስቱ ያንኑ ጫማ አደረገች። ሶሉን አምስቴ ቀይሮታል፣ ታኮውን ስንቴ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ከድሮው የቀረው የላዩ ቆዳ ብቻ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወስፌው በቀኝ ጆሮዋ በኩል ሆነ። ከመድረኩ በላይ የፕላስቲክ ጫማው ፋብሪካ ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል።

የዘፈኑ ተራ ሲደርስ ባርኔጣው ወደ ፊት መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልጅ ሳለሁ ጫማ አልነበረኝም» አለ። «ባዶ እግሬን ነበርኩ። ባዶ እግሬን እያለቀስኩ ነው ይህን ዘፈን የጻፍኩት። ዛሬ ግን ምስጋና ለዚህ ፋብሪካ፣ ማንም ባዶ እግሩን አይሄድም።» ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ስለ እሷ አንዲት ቃል የለም። የወስፌው ዓይን ደም ለበሰ። ለዓመታት ያጠራቀመውን ስድብ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሊያወርድበት የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ብድግ ማለት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ሚስቱ እጇን ክንዱ ላይ ጣል አድርጋ ጠጋ አለች። «ምን አለ?»

ወስፌው መድረኩን አየ፤ ሚስቱን አየ። በዚያ ምላስ ላይ ለባርኔጣው የሚሆን አንድ ደህና ቃል አልነበረም። ቢሆንም ተመልሶ ተቀመጠና አፉን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አስጠጋ።

«ጩኸቱ የኛ አይደለም አለ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ጫማዋ ጠፍቶባት ጮኸች፤ ዘፈናችን ነፍስ የዘራው ያኔ ነው አለ። ስንት አገር ዞርን፣ ስንት ሕዝብ ፊት ቆምን፤ የዞርነው በሷ ድምፅ ነው አለ። እስከ ዛሬ አለማመስገናችን ነውር ነው አለ። ያቺ ልጅ አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናት፣ ጫማዋንም አድርጋዋለች፣ እንደዚያን ቀን ታምራለች አለ።»

«ስሜን ጠራ?»

«እንዳታፍሪ ብሎ ተወው።»

«ሰው ነው» አለች ሚስቱ።

ዘፈኑ ቀጥ ሲል ሕዝቡ ፕላስቲክ ጫማ ወደ ላይ እያነሳ «ጫማዬ!» አለ። ወስፌው አፉን አልከፈተም። እሷ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በሶሏ እያዳመጠች ትስቅ ነበር።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ወሮበላ ጨዋ ሰው ያደረገው ራሱ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ባለችበት ባንዱን መሳደብ ቀረ። «ለዚያ ሰውዬ ጤና ይስጠው» ትላለች ምግብ ላይ፤ ወስፌው የጎረሰው አልወርድ ይለዋል። ልጆቹ ሲመጡ «አባታችሁ ይመስክር» ትላለች፤ እያረረ ይመሰክራል። ፀጉር አስተካካዩ እሷ ፊት፣ «ያ ሌባ ደግሞ ሰሞኑን» ብሎ ሲጀምር፣ በመዶሻው እጀታ ጉልበቱን አለው።

«ምን አደረግኩህ?»

«ሰውየውን በክፉ አታንሣ።»

ፀጉር አስተካካዩ ይህ ሰው ለየለት ብሎ ሁለት ቀን አላናገረውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ፤ ቀኙም ጆሮ እየከዳት ሄደ። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ሳሕኑን ከቆዳው ቁርጥራጭ መሐል አስቀምጣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከጎረቤት ሬዲዮ ያ ማስታወቂያ ተጀመረ። እሷ አልሰማችውም፤ የሱ ፊት ሲጠቁር ግን አየች።

«ማስታወቂያው ነው?» አለች።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ስደበዋ። ታፍነህ ልትሞትብኝ ነው እኮ።»

«ማንን?»

«ባርኔጣውን። በበዓሉ ቀን ልጅ ሳለሁ ጫማ አልነበረኝም ነው ያለው። ባዶ እግሬን፣ ባዶ እግሬን፣ ሁለቴ አለ። ከዚያ ፋብሪካውን አመሰገነ።»

የወስፌው መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ማሽን ክፍል በምን ሳወራ የኖርኩ ይመስልሃል?» አለች። «ከሁለተኛ ረድፍ የአንድ ሰውዬ ከንፈር ሊያመልጠኝ? የደከመው ጆሮዬ ነው፤ ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ታዲያ ምን አለ ብለሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ልትነሳብኝ ነበራ። ልይዝህ ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ያን ሁሉ ተናገርክ።» ሳሕኑን ወደ ጎን አደረገችው። «ከተጋባን ጀምሮ ለኔ ያን ያህል ተናግረህ አታውቅም።»

ወስፌው መዶሻውን አስቀመጠ። ማስታወቂያው አልቆ የባንዱ ዘፈን ቀጥሏል፤ ያው የዘገመው፣ ያው በኪቦርድ የተበላሸው።

«ጠጋ በል» አለችና ቀኝ ጆሮዋን ሰጠችው። «ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ ሳይዘጋ ያን ቀን ያልከኝን ድገምልኝ። ባርኔጣውን ግን ከመሐሉ አውጣው።»

ወስፌው የራሱን በርጩማ ስቦ ተጠጋ።