ሁለት ሄድፎንና አንድ የቅሬ ጥሩንባ

ሙላቱ መቼ ነው የሚተኛው? መርሳ ላይ ይህን ያልጠየቀ ጎረቤት የለም፤ ራሱ ሙላቱም መልሱን አያውቅም። ሌሊቱን ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካና ምድጃ ሲቆሰቁስ ያድራል። ጠዋት ዱቄቱን አራግፎ ወደተከራያት ክፍል ሲገባ፣ ከግድግዳው ማዶ የናስር ብረታ ብረት ቤት ሥራ ይጀምራል። ብረት መቁረጫው ይጮኻል፣ መዶሻው ይወርዳል፤ ከአስፋልቱ ደግሞ የሚኒባስ ረዳቶቹ «ወልድያ፣ ወልድያ» እያሉ ይቀበላሉ። ናስር ደግ ጎረቤት ነው፤ ግን ብረት በሹክሹክታ አይቆረጥም።

አንድ ሌሊት ሙላቱን ምድጃው ፊት እንደቆመ እንቅልፍ ጣለው፤ ክንዱ ተቃጥሎ ነቃ። ያን ጊዜ ነው ቆርጦ ወልድያ የሄደው።

ባለሱቁ ሳሙኤል ሁለት ገመድ አልባ ሄድፎን መስታወቱ ላይ አስቀመጠለት። ሁለቱም ጫጫታ ያፍናሉ።

«ይቺ ትንሿ የባጃጅ ጉርምርምታ ታጠፋልሃለች፤ ጠንከር ያለ ጩኸት ሲመጣ ግን ታሳልፋለች። ይህን ትልቁን ከደፋህ ወልድያ መሆንህንም ትረሳለህ» አለው።

ሙላቱ ትልቁን ደፋ። የሳሙኤል ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። ዓይኑን ጨፈነ። ሳሙኤል ትከሻውን ነቅንቆ ሄድፎኑን አወለቀለት።

«እዚሁ ልትተኛብኝ ነው እንዴ?»

«የቅሬ ጥሩንባስ ያሰማል?» አለ ሙላቱ።

ሳሙኤል ሳቀ፤ ሙላቱ አልሳቀም። በእነሱ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬው ነው። ጥሩንባው ሲነፋ ያልወጣ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲደርስ ማን ይወጣለታል? ሙላቱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ቅሬው ነው። ዓይኑ እየተከደነም ቢሆን አንድ ቀብር ቀርቶ አያውቅም።

«በል ሁለቱንም ወስደህ ሞክራቸው» አለ ሳሙኤል። «መታወቂያህን ተውልኝና ነገ አንዱን መልስ።»

መርሳ እንደደረሰ የሄደው የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ዘንድ ነው፤ አለሙ ይባላል።

«ሰው ሳይሞት ጥሩንባ?» አለ አለሙ። «ከቅሬው ልታስባርረኝ ነው?»

«አፉን በጨርቅ ወትፈህ፣ ከጓሮዬ ሆነህ፣ አንዴ ብቻ። ከሰማሁ እወጣለሁ።»

«ካልሰማህስ?»

«ያኔ አወቅን ማለት ነዋ።»

በማግስቱ ጠዋት ሙላቱ ከሥራ ገብቶ ትልቁን ደፋና ጋደም አለ። ጥሩንባውን ሊጠብቅ ነበር ሐሳቡ። የናስር መቁረጫ ግን አይሰማም፤ የረዳቶቹም ጥሪ የለም። ሐሳቡን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

አለሙ ከጓሮ ሆኖ ቀስ ብሎ ነፋ። ማንም አልወጣም። ጨርቁን ሳብ አድርጎ ደገመ። ዝም። በመጨረሻ እልህ ያዘውና ጨርቁን ጥሎ ሳንባው የቻለውን ያህል ለቀቀው።

ከሙላቱ ጓሮ የተነፋ ጥሩንባ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ለመገመት አልተቸገረም። ናስር መቁረጫውን አጥፍቶ፣ አካፋና ዶማ ከያዙ ወንዶች ጋር መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። በሩ ተንኳኳ፤ መልስ የለም። ስሙ ተጠራ፤ መልስ የለም። አከራዩ እትዬ ጥሩወርቅ «ወይኔ ልጄ፣ እንቅልፍ እንደናፈቀው» ብለው ደረታቸውን መቱ። አለሙ ላስረዳ ቢል ማን ይስማው።

እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ገፍተው ገቡ። ሙላቱ በጀርባው ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ጆሮው ላይ የተደፋውን ነገር ቀስ ብለው አነሱት። ዓይኑን ሲገልጥ የተዘቀዘቀ ነጠላና አካፋ አየ።

«ማን ሞተ?» አለና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«አንተ» አሉት።

አለሙ ያን ጊዜ ነገሩን ዘርዝሮ ለመናገር ዕድል አገኘ። ናስር አካፋውን ተደግፎ፣ «እኔማ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት ልል ነበር፤ ዳቦ ያፋፋው ሰው ነው» ሲል ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ሳቁ።

ሙላቱ አንገቱን ደፍቶ ትንሿን ሄድፎን አነሳ። «ትልቁን እመልሰዋለሁ። ጥሩንባውን አላሰማኝም።»

«ለምን ተብሎ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አልሰማህም፤ እኛ ግን መጣን አይደል? ሰው ሲሞት እኔው ገብቼ ይህን ጉድ ካናትህ ላይ አወልቀዋለሁ። አንተ በርህን ብቻ አትቀርቅር።»

«እርስዎንም እንቅልፍ ቢወስድዎትስ እትዬ?»

«እኔን ደግሞ ናስር ይቀሰቅሰኛል።»

ያለሬሳ ጥሩንባ ላስነፋ ሰው ቅጣቱ እዚያው ተቆረጠ፤ ለግቢው ሁሉ ትኩስ ዳቦ። ለቀብር የወጣው ሰው ዳቦውን ቆሞ ገምጦ ተበተነ። አለሙ እኔም አጥፍቻለሁ ብሎ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ኋላ ግን ሁለት በላ።

ከሰዓት ሙላቱ ወልድያ ሄዶ የትልቁን ዋጋ ከፈለና ትንሿን መለሰ።

«ትልቁ ጥሩንባውን አሰማህ?» አለው ሳሙኤል መታወቂያውን እየሰጠው።

«አላሰማኝም። የሚሰማልኝ ግን አገኘሁ።»

በማግስቱ ከሥራ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ናስር ከማዶ መቁረጫውን አስነሳ። እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማቸውን ደጃፉ ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። አላፊዋ ጎረቤት እንደልማዷ «ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚተኛው?» ብትል፣ አንገታቸውን ገርበብ ባለው በር አስግገው አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጧት፤ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቷል።