ማተብ የመሰለን ክር

ጓደኛዬ ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ማዳም ከግቢ አላስወጣቻትም ነበር፤ ሁለቱንም ክትባት ከተከተበች በኋላ ግን አንድ ዓርብ ሙሉ ቀን ፈቀደችላት። እኔ ቡር ዱባይ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩና ፈረቃዬን ለውጬ፣ ባሕር ዳርቻ ልወስዳት አስቤ ደወልኩላት።

«ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ዶሮ ገበያ ውሰጂኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ አትበላም። ለማዳም ቤተሰብ በየቀኑ ሥጋ እየጠበሰች እሷ ሳትቀምስ ሦስት ዓመቷ። እኔ ያገኘሁትን የምበላዋ «መነኩሲት» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ያን ሰሞን በዓለ ሃምሳ ስለነበር ዓርብም አይጾምም። ዛሬ ካልሆነ መቼ ልትወጣ እንደምትችል የምታውቀው ማዳም ብቻ ናት።

የሻርጃው የወፍና የእንስሳት ገበያ የአገሬው ሰው ገበያ ነው። ዱባይ ስኖር ከመስታወት ፎቅ ሌላ አይቼ አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ደግነቱ ማስኩ ሸፈነልኝ። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሽማግሌዎች ዓይኑ የተሸፈነ ጭልፊት እጃቸው ላይ አስቀምጠው ይከራከራሉ። ርግቡ፣ ጥንቸሉ፣ ፍየሉ ሁሉ ቤቱን ቀውጢ አድርጎታል። የፍጉ ሽታ በማስኩ ዘልቆ ሲመጣ ደስ አለኝ፣ የምሬን ነው።

ጓደኛዬ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ደረታቸውን ትዳብሳለች። «ይቺ አጥንት ብቻ ናት፣ ይቺ ደግሞ አርጅታለች» ትላለች በአማርኛ፤ ሻጩ በኡርዱ ይመልስላታል፤ እንዴት እንደተግባቡ እነሱ ይወቁ። አንዲት ቀይ ዶሮ መረጠች። ሻጩ ሊያርድላት ቢላዋ ሲያነሳ ግን «ላ! ላ! እንዳትነካት!» ብላ ገበያውን አናወጠችው።

ዶሮዋን በካርቶን ታቅፈን ስንወጣ ነው ትዝ ያለን። ማን ይባርክልን? በእኛ ወግ ዶሮ የሚባርከው ወንድ ነው። ተያይተን በሳቅ ፈረስን። ወዲያው ግን እሷ ሰዓት አየች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማዳም ቤት መገኘት አለባት።

ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኗል፤ ሐበሻውን ከሌላው መለየት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ማተብ ፍለጋ የወንዱን ሁሉ አንገት ማየት ጀመርን።

«ያውና!» አለች በመጨረሻ። ቀጭን፣ ጠይም ጎልማሳ፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር። ካርቶኑን እንደያዝን ሮጥን።

«ወንድሜ፣ ስለ ማርያም ብለህ ይቺን ዶሮ ባርክልን!»

ዞሮ አየን፤ ዓይኖቹ ሳቁ። «እህቶቼ፣ እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ። ይሄ እኮ የማስክ ማንጠልጠያ ነው» ብሎ ክሩን ሳብ ሲያደርገው ማስኩ አብሮ ወረደ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓደኛዬ እንባዋ መጣ። እሱ ግን ካርቶኑን ተቀበላት።

«ሙሽኪላ የለም፣ አታስቡ፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ክርስቲያን ነው፣ ዋላሂ። አጅማን ነን። ያላ፣ መኪናዬ እዚህ ነው!»

አጅማን ስንደርስ የቤቱ ተጋሪ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ በስመ አብ ብሎ ዶሮዋን ባረከልን። ወሎዬው ጁምዓ ሊሰግድ ወጣ። ጓደኛዬ ወጥ ቤቱን ተረከበች፤ ከአገር የተላከላትን በርበሬና ቅቤ ከቦርሳዋ አውጥታ ሽንኩርቷን ታቁላላ ጀመር። ቁሌቱ ሲበስል፣ የዶሮዋ ሥጋ ከመግባቱ በፊት፣ በትንሽ ድስት ቀንሳ ለብቻው አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ርቦኝ ስለነበር አልጠየቅኳትም።

ገበታው ሲቀርብ ወሎዬው ከመስጊድ ተመልሷል። «እናንተ ብሉ» ብሎ ወደ ክፍሉ ሊገባ ሲል ጠራችው።

«ና ተቀመጥ። ሥጋው ሳይነካው እንቁላል ጨምሬ የሠራሁልህ አለ።»

«ለእኔ ብለሽ?» አላት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲበላ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ባለሁበት ገበታ ማንም እንደዚያ አይሆንም።»

መጥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የጎረሰው እሱ ነው። ያኔ ዶሮዋን የባረከልን ልጅ ፈረሰኛውን አውጥቶ እሷ ፊት አስቀመጠላት። በላች። እንባዋ እየወረደ በላች፤ እኛም እንዳላየ ሆነን በላን።