የመቀነቱ ጫፍ

ጅራፍ ሲጮህ ዛሬም ቀኝ እጄ ብድግ ይላል። ሰው መሀል ልሁን፣ ገበያ ልሁን፣ እጄ የሆነ ነገር ሊስብ ይነሳል። አብረውኝ የሚማሩት ያሾፉብኛል። «አንቺ ደግሞ፣ ባጃጅ ልታስቆሚ ነው?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ምን ልበላቸው?

ደብረ ታቦር ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተች አንዲት ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከልጆቹ ጋር እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኔው ተማሪ ሆኜ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ዲግሪ እቀመጣለሁ። ልብስ የማጥብበት ቀን እንኳ ጠፍቶኝ ነው የከረምሁት። አንድ ቅዳሜ ደክሞኝ ሳንጎላጅ መምህራችን፣ «መስማት የተሳነውን ልጅ ከጀርባው ስትጠሩት ወለሉን በእግራችሁ ምቱ፤ ንዝረቱ ይደርሰዋል» ሲሉ እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። ሰኞ ሞከርሁት። የክፍላችን ወለል ጣውላ ነው፤ ረገጥ ሳደርገው ልጆቹ በሙሉ ዞር አሉ። በደስታ ልሞት! ያን ሳምንት ያለ ምክንያት ስረግጥ ነው የሰነበትሁት።

ከዚያ ሥራ ተሰጠን። ቤት የቀረ ልጅ ፈልገን ወደ ትምህርት እንድናመጣ፣ እንድንከታተለው፣ ያየነውንም ጽፈን እንድናቀርብ። ስጠያይቅ፣ ከእብናት በኩል እህል ይዛ የምትመጣ ነጋዴ፣ እነሱ ቀበሌ አንዲት እናት የማትሰማ ልጇን አስራ እንደምታውላት ነገረችኝ። አስራ! ደሜ ፈላ። በተኩስ ምክንያት የሚዘጋው መንገድ ክፍት በሆነበት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሄድሁ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድሁት። ለዚያች ሴት የምላትን ሁሉ መንገድ ለመንገድ ስለማመድ ነበር።

ቤቱ ስገባ እውነት ሆኖ አገኘሁት። እናትየው መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ልጅቷ፣ ዐሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ምስር ትለቅማለች። ከእናትየው ክንድ እስከ ልጅቷ ክንድ ረጅም መቀነት ተዘርግቷል፤ በሁለቱም በኩል ተቋጥሯል።

«ሰው እንዴት ልጁን እንደ ጥጃ ያስራል?» አልሁ። እንደምን ዋላችሁ እንኳ በወጉ አላልሁም። ሴትየዋ እናቴ የሚሆኑ ሰው መሆናቸውን ያስተዋልሁት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ነው።

እሳቸው አልተቆጡም። «ታዲያ ልጄ፣ በምን ልጥራት?» አሉኝ። «ተኩስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ እሷ ሜዳ ላይ አበባ ትቀጥፋለች። ቁሚ የሚላት ቢመጣ አትሰማ። ብጮህ ጉሮሮዬ ነው የሚደርቅ።»

ለዚህ ነው መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈትተው ያሰሯት። ሳብ ሲያደርጉት «ነይ» ማለታቸው ነው፤ ወጥረው ሲይዙት «ተኚ፣ አትነሺ»። ልጅቷ ታውቀዋለች።

እኔ የተማርሁት ሰው እያለሁ! «ይፍቱት፣ ሌላ ዘዴ አለ» ብዬ ከልጅቷ ጀርባ ቆምሁና ወለሉን ረገጥሁ። ልጅቷ ምስሯን ትለቅማለች። ደግሜ ረገጥሁ፣ ተረከዜን እስኪያመኝ ረገጥሁ። ለካ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው፤ እርግጫዬን ሁሉ ዋጠው። እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «በስመ አብ! ልጄ፣ ምን ነከሰሽ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ መቀነቱን ሳብ አደረጉት። ልጅቷ ዞር ብላ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ሳቀችላቸው። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«ይስጡኝ» አልሁ። «እኔ ዘንድ ትቀመጥ፣ ትማር። እንደሷ ካሉ ልጆች ጋር በእጇ ታውራ።»

«ማን ይስባታል?»

«እኔ።»

እንቢ አሉ፣ ለመንሁ፤ አለቀሱ፣ ለመንሁ። በመጨረሻ እሺ አሉ። ልጅቷን የሚሰናበቱበት ቃል ስለሌላቸው መቀነቱን ሳብ አድርገው አስመጧትና አቀፏት። ከዚያ በራሳቸው ክንድ በኩል ያለውን ቋጠሮ ፈትተው ጫፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ለቡሄ መጥቼ አያታለሁ። እስከዚያ ጫፉን እንዳትለቂው። አደራ!» አሉኝ።

ልጅቷ ጉድ ነበረች። እኛ ስንት ሴሚስተር የተንገላታንበትን የምልክት ቋንቋ እንደ ውኃ ጠጣችው። መቀነቱን ወገቧ ላይ ጠመጠምሁላት፤ ከተማ ነው፣ ታስራ አትታይ ብዬ። ክፍል ውስጥ ጣውላውን እረግጣለሁ፣ ትዞራለች። ግን ሆድ ሲብሳት የመቀነቱን ጫፍ ራሷ ሳብ ታደርግና ወደ በሩ ታያለች። ቆይታ ደግማ ትስባለች።

ወዲያው መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። እህል ነጋዴዋ መምጣት አቆመች። ከሌሎች የሰማሁት እዚያ ቀበሌ ተኩስ እንደነበረ ብቻ ነው። ማን እንደዳነ፣ ማን እንደተሰደደ የሚነግረኝ አጣሁ። ልጅቷ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ጥያቄ መጠየቅ ለመደች። ጠዋት ስትነሳ «እናቴ የት?»፤ እራት ላይ «እናቴ የት?»። መጠየቁን ያስተማርኋት እኔ፣ መልሱ የሌለኝ እኔ። ቡሄን የማስረዳበት ምልክት ቢጠፋኝ የሙልሙል ዳቦ ቅርጽ በእጄ ሠርቼ አሳየኋት። ሙልሙል ሲጋገር እናትሽ ትመጣለች አልኋት። ምን ላድርግ፣ የነገሩኝ እሱን ነው።

ጽሑፌን ያቀረብሁ ዕለት መምህራችን፣ «ክትትል ማለት ይኸ ነው» ብለው አመሰገኑኝ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። አንዲት ጓደኛዬ፣ «ለወላጅ እናቷም ትልቅ ደስታ ነው» አለች። እንባዬ ሲመጣ ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስሁ።

ቡሄ ደረሰ። ሙልሙሉን ስጋግር ልጅቷ አየች። አንዱን መርጣ አነሳች፣ አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች፣ መቀነቱን ከወገቧ ፈትታ እንደ አገሯ ክንዷ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ዳቦውን ታቅፋ የግቢው በር ላይ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀመጠች። መቀነቱ ከኋላዋ በግቢው ተዘርግቶ ጫፉ እኔ እግር ሥር ወድቋል። መንደሩ በጅራፍ ጩኸት ይናጣል። እኔ በያንዳንዱ እሸማቀቃለሁ፤ እሷ ትከሻዋ እንኳ አይነቃነቅም።

አንዱ ከአጥሩ ሥር ጧ! ሲል ጅራፍ ይሁን ጥይት ሳልለይ ጎንበስ ብዬ ጫፉን ያዝሁና ሳብሁት።

ዘልላ ተነሳች። ዳቦዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው «እናቴ! እናቴ!» እያለች፣ ያንኑ ሳቅ እየሳቀች ሮጠች። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። መቀነቱን ከክንዷ ጀምራ በዓይኗ ተከተለችውና ጫፉን ጡጫዬ ውስጥ አገኘችው። አላመነችም። አልፋኝ ቤት ገባች፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከአልጋው ሥር ፈለገች። ስትወጣ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ፊቴ ተንበረከከች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና ጫፉን ከእጄ ወሰደችው።