ግራዋ የጠጣው ከረጢት

የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ስህን ስትሞት፣ መደቡ ላይ ግማሹ የተሰፋ የአቡጀዲ ከረጢት መርፌው እንደተሰካበት ነበር። ራሴን ወጋኝ ብላ ጋደም አለች፤ አልተነሣችም። ከቀብር መልስ አንድ ሽማግሌ ቆመው፣ «በሐይቅ ከተማ እንደሷ ጠላ የጠመቀ የለም፤ እስከ መጨረሻው እጇ አልከዳትም» አሉ። የፊተኛው እውነት ነው። የኋለኛው አይደለም። ስህን አክስቴ ናት፤ የመጨረሻ ጥንስሷን ቀምሻለሁ፤ ሳልውጠውም ተፍቼዋለሁ።

ውጫሌ ተወልዳ ሐይቅ ያገባች፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ጠላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ነበረች። ልጅ አልነበራትም። ባሏ ፈንታሁን ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ማታ ዱቄት ለብሶ ሲመጣ ደጅ ላይ ሳታራግፈው አታስገባውም። ሽታ አትችልም። ጋኖቿን በግራዋ ቅጠል ፈግፍጋ፣ በወይራ ጭስ አጥና፣ አፍንጫዋን አስገብታ ካላረጋገጠች ጥንስስ አትጥልም። ጠጪዎቹ፣ «ስህን ቤት ለመግባት መጀመሪያ ሐይቁ ወርዶ መታጠብ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ ደረሰ። ሁለቱም በእግራቸው ወደ አርዲቦ ሸሹ፤ የተጠጉት የጎረቤቷ የፈዲላ ወንድም ኑርዬ ቤት ነው። የፈንታሁን የስኳር መድኃኒት እዚያ አለቀ። የሚገዛበት ከተማ አልነበረም። እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ፤ ድምፅ እንዳይሰማ ተብሎ ጮኾ ያለቀሰለት የለም። አርባውም በሰው ቤት ቆሎ ተዘግኖ አለፈ። ስህን ያኔ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ሰማንያውን ሐይቅ፣ በገዛ እጄ ጠላ አወጣለታለሁ።»

በታኅሣሥ ስህን ወደ ሐይቅ ተመለሰች። በሩ ተገንጥሏል። ጓዳ ውስጥ ግን ሦስቱ ጋኖች እንደ ቆሙ ናቸው፤ ክዳናቸውም በላያቸው ላይ ነው። ስህን ደስ አላት። የመጀመሪያውን ስትከፍት ወደ ኋላ ተወረወረች። ጋኖቹን ሽንት ቤት አድርገዋቸው ነበር፤ ሦስቱንም። በከተማው ያለፈው ታጣቂ ብዙ ስለሆነ ማን እንዳደረገው አይታወቅም። የሚከፋው ግን ተጠቅመው መልሰው መክደናቸው ነው። ዝንቡ በክዳኑ ስንጥቅ እየገባ ይወጣ ነበር።

«በፈላ ውሃና በአመድ እንጠበው፤ እኔም አግዝሻለሁ» አለች ፈዲላ፣ በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ።

«ሸክላ ይጠጣል፣ ፈዲላ። የጠጣውን አይረሳም።»

በመጥረቢያ ጀርባ ራሷ ሰባበረቻቸው። ስብርባሪውን ስትጠርግ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ገና ወደ ገበያ አልወጡም፤ የሚያውሰን እንዳንል የጎረቤቱም ጋን ወይ ተሰብሯል ወይ እንደሷ ጋኖች ቆሽሿል። ሰማንያው እየቀረበ ነው።

የፈንታሁን ታናሽ ወንድም ሽታው ቢራ ፋብሪካ ሠርቶ ያውቃል። እሱ መጥቶ አዲስ ነገር ነገራት።

«ጋን አያስፈልግሽም፣ እትዬ ስህን። አንድ ትልቅ ድስትና አንድ የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ፈረንጆች በየቤታቸው እንዲህ ነው የሚጠምቁት።»

«በከረጢት? አንተ ሰውዬ፣ ጠላ ሽንኩርት መሰለህ?»

«ልክ እንደ ሻይ ነው። የተከካው ብቅል ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ከረጢቱን ታወጪና ጭማቂውን ከጌሾ ጋር ታፈይዋለሽ። ሲበርድ እርሾ። ድፍድፍ የለ፣ ማጥለል የለ፣ አተላ የለ።»

«አተላ ከሌለ በጎቼ ምን ሊሆኑ ነው?» አለች ፈዲላ። «እኔ ባልቀምሰው እነሱ ሰካራም ናቸው፤ ወላሂ!»

«ለበጎችሽ ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን እንሰጣለን።»

ስህን ኑርዬ በሰጣት ገብስ ብቅል አበቀለች፤ ከአቡጀዲም ከረጢት ሰፋች። ሽታው «በንጹሕ ውሃ ብቻ ቀቅዪው» ብሏት ድስት ሊያመጣ ሄደ። እሷ ግን ሦስቱን ጋኖች ካየች ወዲህ በውሃ ብቻ የሚጸዳ ዕቃ አለ ብላ አታምንም። ግራዋ ቆርጣ ከረጢቱን አሸችው፤ አረንጓዴ አረፋ ሲደፍቅ ጨመቀችው፤ ደግማ አሸችው። ከዚያ ወይራ አጭሳ ላዩ ላይ ዘረጋችው። ነጩ ጨርቅ የጉበት መልክ ይዞ ተነሣ።

ሽታው ተመልሶ ከረጢቱን ሲያይ፣ «ምን ሆነ?» አለ።

«ጸዳ» አለችው።

ብቅሉ ተሞላበትና ሙቁ ውሃ ውስጥ ገባ። ሲወጣ አብጦ፣ እየተንጠባጠበ፣ የታረደ በግ ጨጓራ መስሎ ነበር። ጭማቂውን ከጌሾ ጋር አፍልተው፣ አብርደው፣ እርሾ ጨምረው በጀሪካን አስቀመጡት። ከከረጢቱ የቀረውን ፈዲላ ወደ በጎቿ ወሰደች። ወዲያው ተመለሰች።

«አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ» አለች። «ሰካራሞቹ! ከመቼ ወዲህ ነው የሚመርጡት?»

ስህን አልሳቀችም።

ሰማንያው ሁለት ቀን ሲቀረው ጀሪካኑ ተከፈተ። የወጣው ሽታ የረጠበ አመድና የመድኃኒት ሽታ ነው። መልኩ ጎርፍ ያደፈረሰው ኩሬ፤ አረፋው ልብስ የታጠበበት ውሃ። ምሬቱ ምላስ ላይ አያቆምም፤ ጆሮ ድረስ ይዘልቃል። ጭሱ ደግሞ ጥላሸት የላሱ ያህል ላንቃ ላይ ይለጠፋል። እኔ በሩ ላይ ተፋሁት። ሽታው ግን አንድ ጉንጭ እንደ ምንም ዋጠና ዓይኑን እየጠረገ፣

«ያው... ፈረንጅ መራራ ይወዳል» አለ።

«ፈንታሁን ፈረንጅ ነበር?»

ስህን ከረጢቱን ከተሰቀለበት አውርዳ አፍንጫዋ ላይ አደረገችና ብዙ ቆየች። «ለካ ጨርቅም ይጠጣል» አለች። ጀሪካኑን ይዛ ወጥታ ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው።

«ስኳር ብንጨምርበት እኮ...» አለ ሽታው ከኋላዋ።

«በሱ ስም ይኼን ለሰው አላጠጣም።»

«እሺ፣ ቢራ በሣጥን ልግዛ?»

«የሰው እጅ ጠላ ነው ያልኩት? በእጄ ነው ያልኩት!» ጮኸች። ከዚያም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ አርዲቦ ላይ የታፈነውን ልቅሶ አለቀሰችው። ፈዲላ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሲወጣላት ጠብቃ፣

«አብሽሪ። ቀሪቦ እንሥራለት» አለች። «በእኔ ድስት፣ በእኔ ቤት። ለመውሊድ የምንሠራውን አንቺም ስትጠጪው ኖረሻል።»

«ያንቺ እጅ ነው እሱ።»

«ነይና አንቺ አማስዪው እንግዲህ! እጅሽን ማን አሰረው?»

ሄደች። የገብሱን ቂጣ እስኪጠቁር ያገላበጠችው፣ የዘፈዘፈችው፣ ያጠለለችው ስህን ናት፤ ፈዲላ ስኳሩን ብቻ ጨመረች፤ ቀሪቦ አያሰክርም። ሰማንያው ዕለት በትልቁ ድስት ቀርቦ በጣሳ ታደለ። የድሮ ጠጪዎቿ፣ «ዛሬስ ስህን አሰለመችን» እያሉ ደገሙ። ቄሱ «ነፍስ ይማር» ብለው ሦስተኛ ጣሳ ሲጠይቁ ስህን ራሷ ቀዳችላቸው።

ሁለተኛውን ከረጢት መስፋት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼኛው ግራዋ አይነካውም አለችን።

የካቲት 5 ከሰዓት በኋላ የፈዲላን ድስት ልትመልስ ወጣች። በአሸዋና በውሃ ብቻ ፈግፍጋዋለች። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ገብስ ሞላችበት። ፈዲላ ገብሱን ወደ ሰፌድ ገልብጣ ድስቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ግራዋሽን እንዳታስነኪው ፈርቼ ነበር።»

«አሽትቺው።»

«ምንም አይሸትም።»

ስህን ድስቱን ተቀብላ ራሷም አሸተተችው። መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ከድና፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች።