በጃንጥላ ሥር የመጣው ሰም

ሽማግሌው ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ሲቀርብ ጃንጥላው ያጠላው ለራሱ ሳይሆን ለደረት ኪሱ ነበር። በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሏል። ዳር ዳሩ በእጅ የተጠለፈ የሴት መሐረብ ከኪሱ አወጣና ቀስ ብሎ ፈታው። ውስጡ ያለው ከጉሮሮው ተቆርጦ በሰም የታሸገ ሥጋ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

«ፀሐይ አላገኘውም፣ ልጄ» አለ በሻከረ ድምፁ። «ሰም ነው፣ ይቀልጣል ሲሉኝ ከቤት እስከዚህ ጥላ ጥላውን ነው የመጣሁት።»

«ጥሩ አድርገዋል አባባ» አለች ባለሙያዋ።

«እንግዲህ ደህና ነገር አውጡልኝ። እኔ በበኩሌ ያጎደልኩት የለም።»

አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ነገ ሥጋውን ስስ አድርጋ ትቆርጠውና ቀለም ታስነካዋለች። ዕጢውን የሚያፋጥነው ክፉ ፕሮቲን ካለበት ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ በሽታው ምን ያህል እንደሚቸኩልም ይናገራል። መናገሩን ይናገራል እንጂ አያስቆመውም። የሽማግሌው ጥንቃቄ ደግሞ ውጤቱን ቅንጣት ታህል አይለውጠውም።

«አይዞዎት፣ በደንብ አየዋለሁ» ብቻ አለችው ሰሙን እየተቀበለች።

መሐረቡን አንዴ አሸተተና አጣጥፎ ኪሱ መለሰው። ጃንጥላውን ዘግቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ ባዶ ራሱን ሄደ።