ወደ ቀኝ የምትጎትተው መኪና

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ አሮጌ መኪናውን ጋራዤ ድረስ አምጥቶ፣ "ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች" አለኝ። ልሞክራት ብዬ መሪውን ያዝኩና ገና ከግቢ ሳልወጣ ግራ ክንዴ ነገሩን አወቀው። ያቺ ቀስ እያለች እጅ የምትጠመዝዝ ጉተታ! ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዋጋ ያወራል፤ እኔ ግን ሄጃለሁ፣ ጅቡቲ ነኝ።

ይኸውልህ፣ ሞባይል ገና በየሰው ኪስ ሳይገባ ነው። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች ባንዱ ሾፌር ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አገር ቤት የእኔን እጅ የሚጠብቁ ሁለት እህቶች ነበሩኝ። የቤቱን ጌታ "ሙሲዩ" ነበር የምንላቸው። የጅቡቲ ሰው ቢሆኑም ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፤ ሲቆጡም በአማርኛ ነው የሚቆጡት።

አንድ ቀን ሙሲዩ ከዱባይ በመርከብ የመጣች ያገለገለች መኪና ገዙ። ነጭ ናት፣ ሰፊ ናት፣ ወንበሯ የማናውቀው ሰው ሽቶ ይሸታል። ወደብ ላይ የጨው ነፋስ ሲልሳት ወራት ከርማለች። መጀመሪያ ቀን ሙሲዩን ከኋላ አስቀምጬ ስነዳ መኪናዋ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ ትላለች። እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ ትሄዳለች። ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ቅመሃል ልበል?"

ጫት ባፌ ዞሮ አያውቅም። ምዬ ተገዘትኩ፤ ግን በዚያ አገር፣ ያውም ከቀትር በኋላ፣ ሾፌር መኪና እያወዛወዘ "አልቃምኩም" ቢል ማን ያምነዋል? ሙሲዩ አልጮሁብኝም። "እስከ ጁምዓ ወይ መኪናዋ ትቃና፣ ወይ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

በማግስቱ ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር ወደሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። አዋቂ ሰው ነበሩ፣ አልዋሽም። የጎማውን አየር ለኩ፣ እኩል ነው። የፊቱን ሁለት ጎማ ግራና ቀኝ አቀያየሩና፣ "ከጎማው ከሆነ አሁን ወደ ግራ ትስባለች፤ ዞረህ ና" አሉኝ። ዞሬ መጣሁ፤ ያው ወደ ቀኝ ናት። የጎማዎቹን አቀማመጥ ደግሞ በሲባጎ ለኩት፤ ልክ ነው። "እንግዲህ የቀረው ፍሬን ነው። አንዱ ፍሬን ሳይለቅ ከቀረ ጎማው ይግላል። በደንብ ነድተህ ና፣ በእጄ አየዋለሁ" አሉ።

ነድቼ መጣሁ። ግን መካኒኩ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ሰላምታ ላይ ነበሩ፤ የዚያ አገር ሰላምታ ደግሞ ከግመሉ ጀምሮ እስከ አማቱ ድረስ ነው። መኪናዋን ግራ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰኔ ነው፣ አስፋልቱ ይለሰልሳል። በመጨረሻ መጡና የቀኙን ጎማ ብረት ዳሰሱ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። ግራውን ዳሰሱ፣ እሱንም ሰበሰቡ። "ሁለቱም እኩል ይፋጃሉ። ፍሬኑ የለበትም፣ ዋላሂ። ይቺ መኪና ወይ ተጋጭታ ሻንሲዋ ጎብጧል፣ ወይ..." ብለው እጄን አዩት። በዚያው ቅጽበት የጫቱ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ መፍቻው መሬት ወደቀ፤ የዕለቱ ሥራ አለቀ።

ማታ ከጓዳው በር ላይ ተቀምጬ ለእታለም ነገርኳት። እታለም የምላት የቤቱን ሠራተኛ ነው፤ በዕድሜ ታላቄ፣ የወሎ ልጅ። የሙሲዩን ሸሚዞች ስትተኩስ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ካውያዬን ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ይፋጀኛል፤ ሸሚዝ ግን አያቃናልኝም። ፀሐይ ያሞቀውና እሳት ያሞቀው አንድ ነው እንዴ?" አለችና ጣቷን ውሃ ነክራ ካውያው ላይ ረጨች። ቸስ አለ። "ጎህ ሳይቀድ ንዳውና ውሃ እርጭበት። እጅህ ቢዋሽህ ውሃ አይዋሽህም።"

ብቻዬን ልሄድ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ በእግሯ ትወጣለች፤ "መንገዴ ነው፣ አብሬህ ልይ" አለች። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ከሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ከሾፌሩ ጋር መኪና ውስጥ ታይታ በዚያው ዕለት ነው ከነሻንጣዋ የተባረረችው። እኔ የማጣው ሥራ ነው፤ እታለም ከሥራዋ ሌላ ስሟንም ታጣለች። "ተይ" አልኳት። "ዝም ብለህ ንዳ" አለችኝ።

ሐሙስ ንጋት፣ ሰማዩ ገና አመድ መስሎ፣ ባሕሩ የዓሣ ሽታውን እየላከ፣ የግቢውን በር ቀስ ብላ ከፈተችልኝና ከፊት ወንበር ተቀመጠች። እስከ ጋቦዴ ሰፈር ሄደን ተመለስን። ባሕሩ ዳር አቆምኩ። የውሃውን ጠርሙስ ይዛ ወረደች። የግራው ጎማ ብረት ላይ ረጨች፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ወረደ። ወደ ቀኙ ዞራ ረጨች። ቸስስ! ነጭ ጭስ ብን አለ።

"ይኸው በሽተኛህ" አለች። እሷ ዳቦዋን ልትገዛ በእግሯ ሄደች፤ እኔ በቀጥታ ወደ ባልባላ ነዳሁ።

መካኒኩ ቀኙን ጎማ ፈትተው ሲያዩት፣ የፍሬኑን ሸራ የሚገፋው ብረት በጨው ዝጎ ተጣብቆ አልመለስ ብሏል። ጠርገው፣ ቀብተው መለሱት። "በዚህ ሽበቴ ፀሐይ ታታልለኝ?" እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ጁምዓ ሙሲዩን ወደ መስጊድ ስወስዳቸው መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

"ማነው ያገኘው?" አሉኝ።

"መካኒኩ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸውም በመስኮት ወደ ውጪ አዩ። እታለም ግን ከዚያ ወዲህ ሙሲዩ በገቡ በወጡ ቁጥር ዐይኗን ትሰብር ነበር፤ "አንድ ቀን ይሰሙና ያባርሩኛል" ትለኛለች።

ሁለት ዓመት ቆይታ ባሕሩን ተሻግራ ዓረብ አገር ለመሄድ ወረቀቷ ደረሰላት። አየር ማረፊያ እንዳደርሳት ሙሲዩን አስፈቀድኩ። ሻንጣዋን ጫንኩ። እንደ ደንቡ የኋላውን በር ልትከፍት ስትል ሙሲዩ ከቤት ወጡ፣ በቀስታ መጡና የፊቱን በር በገዛ እጃቸው ከፈቱላት።

"ፊት ተቀመጪ፣ ልጄ" አሏት። "ያን ቀን ለሱብሂ ሶላት ተነስቼ ሰገነት ላይ ነበርኩ። ያኔም ፊት ነበርሽ።"

መንገዱን ግማሽ ስንደርስ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ። "ሁለት ዓመት ሙሉ! አውቀው እንደተዉኝ የሚነግረኝ አጥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈራ ኖርኩ" አለች በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ያኔ ነው በአፌ ያመሰገንኳት፤ አንቺ ባትኖሪ እህቶቼ ትምህርታቸውን ባልጨረሱ ነበር አልኳት።

"በል መንገድህን እይ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። የማውቀው የአገሯ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ያያት የለም።