ለጋሽ ደምሴ ያልጨረስኩት መልስ

ጋሽ ደምሴ አረፉ ብላ ልጃቸው ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ መልሼ ደወልኩና «ማን ነው ያረፈው?» አልኳት። ምስኪን፣ ሁለት ጊዜ አስነገርኳት። እሁድ እኮ ልጠይቃቸው ተቀጣጥረን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። የቀዳሁት ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አድርጌ አወለቅኩ። እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ደምሴ በደርግ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኮምፒውተሩ አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ፣ በተበሳ ካርድ የሚታዘዝ ነገር ነው። ፕሮግራመር የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ፤ እኔንም የመረጡኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆችን ስቀጥር የምጠይቀውን ሁሉ የወሰድኩት ከእሳቸው ነው። ልጆቹ የእኔ ፈጠራ ይመስላቸዋል፣ እኔም አላርማቸውም።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ኮልፌ፣ ቀበሌያችን ውስጥ ስም ዝርዝር የምገለብጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ለቃለ መጠይቁ ሒሳብ ሳጠና ነው የከረምኩት። ጋሽ ደምሴ ግን ስለ ሒሳብ አንድም አላነሱ። «የተሳሳትክበትን ቀን ንገረኝ» አሉኝ።

በዚያን ዘመን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የቀበሌ ስብሰባ ብቻ ነው። ግለ ሂስ መስሎኝ ብድግ ብዬ ቆምኩ። የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ እንደነበረብኝ፣ ከጓዶች ጋር ተወያይተን እንዳረምነው፣ ወደፊትም ጠንክሬ እንደምታገል አንበለበልኩት። አጠገባቸው የተቀመጠው ካድሬ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን እየቀረጹ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «እኛ እኛ አትበለኝ። አደርጋለሁም አትበለኝ። አንተ ያደረግከውን ንገረኝ።»

አብሯቸው የሠራ ሁሉ ይቺን አባባላቸውን ያውቃታል። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀኔ ነበር፤ ደነገጥኩና እውነቱ አመለጠኝ። የስኳር ተረኞችን ዝርዝር ስገለብጥ አንድ ገጽ ዘልዬ ነበር። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ተሰልፎ ባዶ እጁን ተመለሰ። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ እትዬ ብርቄ ስኳሩን አሳልፋ ሸጠችው ተባለችና ታሰረች።

የካድሬው ብዕር ቆመ። «ይሄማ አሻጥር ነው» አለ። በዚያች ቃል ስንቱ ተይዞ እንደሄደ የዘመኑ ሰው ያውቃል።

ጋሽ ደምሴ ዞር ብለውም አላዩት። «ከዚያስ ምን አደረግክ?» አሉኝ።

«ቀበሌ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ተናገርኩ» አልኳቸው።

ካድሬው ቀበሌውን እንጠይቃለን አለ። ጋሽ ደምሴ እኔ ራሴ አጣራለሁ ብለው የጻፈበትን ወረቀት ከእጁ ተቀበሉት። በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ። ስለዚያ ወረቀት ማንም አንስቶብኝ አያውቅም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ውሸቴን ነበር። ቀበሌ ሄጄ ምንም አልተናገርኩም። ያደረግኩት የዘለልኩትን ገጽ ገልብጬ በድብቅ ፋይሉ ውስጥ መክተት ነው። ዝርዝሩ እንደገና ሲመሳከር የእነዚያ ቤተሰቦች ስኳር ከመጋዘን ሳይወጣ ተገኘ፣ እትዬ ብርቄም ተፈታች። ወደ ሱቁ ግን አልመለሷትም፤ ሰፈሩም ሌባ ማለቱን አልተወም። በበራችን ባለፈች ቁጥር ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። እኔ ስለ ሥራ አወራላቸዋለሁ፤ ይሰሙኛል፣ ግን አይስቁም። አመላቸው ነው እያልኩ ስንት ዓመት አለፍኩት።

ዛሬ ልጃቸው ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «አባዬ ስምህ በተነሳ ቁጥር 'አንድ ያልጨረሰልኝ መልስ አለው' ይል ነበር። ምንድነው?» አለች።

ያውቁ ነበር ማለት ነው። አጣርተው፣ ውሸቴን አውቀው ነው የቀጠሩኝ። ቢታወቅባቸው እሳቸውም አብረውኝ ነበር የሚጠየቁት። ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ ጠበቁኝ። ተናድጄባቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት ቢሉኝ ምን ነበረበት? ከእሳቸው ይልቅ ግን በራሴ አፈርኩ። ስንቱን ልጅ ፊቴ አስቀምጬ «ያደረግከውን ንገረኝ» እያልኩ አስጨንቄያለሁ።

እስካሁን ያነበባችሁትን ግማሹን ቤት፣ ግማሹን ታክሲ ውስጥ ነው የጻፍኩት። ለለቅሶው ከጦር ኃይሎች የዓለም ባንክ ታክሲ ይዤ ነበር። ዘነበወርቅ ስንደርስ አፌ «ወራጅ አለ» አለ። እትዬ ብርቄ እዚህ ልጇ ቤት እንደምትኖር ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መንገዱንም ደጋግሜ ጠይቄ አውቀዋለሁ፣ ሄጄበት ግን አላውቅም።

ጋሼ፣ «እሄዳለሁ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ አጠፋሁት። አይቀበሉኝማ።

ይሄን የምጽፈው በሯ ላይ ቆሜ ነው። አንኳኩቻለሁ። ከውስጥ የከዘራ ድምፅ ቀስ እያለ እየመጣ ነው። ለቅሶዎ ላይ ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ ጋሼ፣ በሩን እየከፈተችው ነው።